ከጅዳ የመጣው ብረት

የዐዚዛ ግራ እጅ ማክሰኝት ወፍጮ ቤት ቀረ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች እህል ልታስፈጭ ሄዳ ልብሷን የወፍጮው ቀበቶ ያዘው፤ እጇን ከክርኗ በታች ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ያደገችው ጎንደር አራዳ፣ አያቷ ሸህ ኡዘይር ቤት ነው። እጅ ቢጎድላት እግር ተሰጣትና በሃያ ዓመቷ የአካል ጉዳተኛ ሯጮች ብሔራዊ ቡድን ምርጫ ደጃፍ ደረሰች። ሁለት ሺህ ስድስት ላይ ነው፤ ወይ አምስት።

ምርጫው አርባ ቀን ሲቀረው ጉልበቷ ከዳት። የመጨረሻው ዙር ላይ እግሯ እንደ እርጥብ ጋቢ ይጎተት ጀመር። ሐኪሙ ደሟን አይቶ ብረት አንሶሻል፣ ኪኒኑን ውሰጂ አላት። እናቷ ፈህሚያ ይህን ስትሰማ ምን ገዶን አለች፤ የዐዚዛ አክስት ዙህራ ከጅዳ የላከችው ቪታሚን ከነካርቶኑ ሣጥን ውስጥ አለ።

የካርቶኑ ጽሑፍ ግን ከላይ እስከ ታች ዐረብኛ ነው። አሠልጣኟ ባዬ ደግሞ የማታውቁትን እንዳትውጡ ብሎ ሯጮቹን አስምሏቸዋል። የተከለከለ ነገር ሽንቷ ውስጥ ከተገኘ ምርጫው ቀርቶ ለዓመታት ከሩጫ ትታገዳለች። ባትውጥም በዚህ ጉልበት የሚመርጣት የለም።

ማን ያንብበው? የሰፈሩን ግማሽ ቁርኣን ያስቀሩት፣ ማንበብ ያስተማሩት ሸህ ኡዘይር አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ሲያነቡ ድምፃቸው ያምር ነበር። አንድ ቃል ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በራ።

«ሐዲድ» አሉ። «የቁርኣኑ ምዕራፍ፣ የሱረቱል ሐዲድ ሐዲድ። ብረት ማለት ነው። ሐኪሙ ያዘዘው ይኸው።»

ወንድሟ ኢምራን፣ «ሐዲድ ከዋጠችማ ባቡርም አይደርስባት» አለ። ፈህሚያ ስቃ ውሃውን አቀበለች። ዐዚዛ የኪኒኑን ጠርሙስ በጉልበቶቿ መሐል ይዛ በአንድ እጇ ከፈተችው። ኪኒኑን አፏ ውስጥ አደረገች፤ ውሃውን ግን አልጠጣችም። የአያቷ ጣት ሐዲድ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ገና ሰባት መስመር አለ።

ኪኒኑን በምላሷ ወደ ጉንጯ ገፍታ የቀረው ምን ይላል ብላ ጠየቀች። አነበቡላት፤ አሁንም አማረ።

«ምን ማለት ነው፣ አባባ?»

ስልሳ ዓመት ሙሉ ሰው የሚያደንቃቸው ባነባበባቸው ነው። ፈህሚያ አባቷን እንዳታሳፍርባት ልጇን በዓይኗ ገሠጸቻት። ኪኒኑ መሟሟት ጀምሮ ምሬቱ ጉሮሮዋ ደርሷል። ሸሁ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ የማውቀው ፊደሉን ነው፣ ልጄ። ቃሉን አላውቀውም። ትፊው።»

ተፋችው። አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች።

በማግስቱ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ብረት የሚታደለው ለነፍሰ ጡር ነውና፣ ሳታገባ ሆዳቸው ከገፋ ሴቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ወሬው ቀድሟት አራዳ ገባ። በሚቀጥለው ሳምንት ሸሁ ከዘራቸውን ይዘው አብረዋት ሄዱ፣ ሴቶቹ መሐል ተቀመጡ። አንዷ ደፋር እርስዎስ ስንተኛ ወርዎ ነው ብትላቸው፣ «እኔ የመጣሁት ላነብላት ነው» አሉ። «ይኼኛው አማርኛ ነው።»

በምርጫው ዕለት ሦስተኛ ወጣች፤ የሚፈለጉትም ሦስት ነበሩ። ሽንት ስጡ ተብለው ሲሰለፉ ከፊቷ ያለችው ልጅ ከፍርሃት ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ዐዚዛ ግን ተራዋ ሲደርስ ኩባያውን ተቀብላ ገባች።