የገነቴ እጆች

ዶክተር ወልደ ሰንበት በየቀጠሮው ሕመምተኛውን ከማናገሩ በፊት «እጅህን ዘርጋ» ይለዋል። እጁ ከተንቀጠቀጠ የአእምሮ ሕመም ኪኒኑ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ሆሳዕና እየተመላለሰ የሚያጠናው መድኃኒት የማይበግራቸውን የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ነበር። ዋናው ምሳሌው ሆሳዕና አጠገብ ካለው ከሀቢቾ የሚመጣው ጠና ነው። የኪኒኑ መጠን ሦስት ጊዜ ተጨምሮለት እጁ አንድ ቀንም አልተንቀጠቀጠም፤ የሚሰማቸው ድምፆችም አልተዉትም።

በ1961 ሚያዝያ ጠና ለቀጠሮው ሳይመጣ ቀረ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ወስዶ በኤሌክትሪክ ሊያክመው አስቦ ነበርና ከሆሳዕናው ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ከድሬሰሩ ከሽብሩ ጋር ቤቱ ድረስ ሄደ።

«ይሄ ሰውዬ የበሬ መጠን ቢሰጡትም ንቅንቅ አይል፣ ዶክተር» አለ ሽብሩ በመንገድ ላይ።

ጠና እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ምሰሶው ሥር ተቀምጧል። እናቱ ወይዘሮ ገነቴ የቡላ ገንፎ ይዛ ከጓዳ ወጣች። እርምጃዋ አጭር ነው፤ ፊቷ አይንቀሳቀስም። ገንፎውን ልጇ ፊት አስቀምጣ መጀመሪያ ራሷ ጎረሰች፤ ደገመች። ጠና ዓይኑን ከአፏ አልነቀለም። እሷ ከነካችበት ጎን ቆንጠር አድርጎ ቀመሰና ገፋው።

«ኪኒኑ የት አለ?» አለ ሐኪሙ።

ሽብሩ በሀዲይኛ ጠይቆ መለሰ። «ገንፎው ውስጥ። በእጅ ሲሰጡት መርዝ ነው ብሎ ይተፋል። እሷ ካልቀመሰች ምግብም አይነካ።»

«የተረፈውንስ ማን ይበላዋል?»

«እሷ ናታ! ቡላ በቅቤ ይደፋል እንዴ?»

ሐኪሙ ወደ እናትየው ዞረ። «ወይዘሮ ገነቴ፣ እስቲ እጅዎን ይዘርጉልኝ» አላት።

ዘረጋች። ሁለቱም እጆቿ ተንቀጠቀጡ። አፏም ባዶውን ያኝካል።

«እርጅና ነው» አለች በተሰባበረ አማርኛ። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። «ጠና ይድናል?»

ሦስቱንም ጭማሪ የዋጠችው እሷ ነበረች። ሐኪሙ ይህን በሽብሩ አፍ አስነገራት።

ጠና ኪኒኑን ስላልዋጠ የአዲስ አበባው ጉዞ ቀርቶ መርፌ ተጀመረለት። ሽብሩ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄደ ይወጋዋል። ክረምቱ ሲገባ የጠና እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፆቹ ግን አልተዉትም። የገነቴ እጅ ኪኒኑ ሲቀርላት ረጋ፤ አፏ ግን ባዶውን ማኘኩን አላቆመም።

በመስከረም ጠናን ለኤሌክትሪክ ሕክምና አዲስ አበባ ወሰዱት። ምግቡን ቀድማ እንድትቀምስለት ገነቴም አብራው ሄደች።