ጭልፊት የፈላ ዘይት የደፋች ለት

የገበያው ሰዎች «ጭልፊት» ይሏታል። አንድም ጭልፋ ከእጇ ስለማይለይ፣ አንድም ዓይኗ ሌባን ከሩቅ ስለሚለቅም ነው። ዓሣ ጠባሽ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እናቷንና ሥራ የፈታ ታናሽ ወንድሟን በዚያች በአንድ ድስት ታስተዳድር ነበር።

በጋ ሲገባ መንገዱ ለመኪና ይዘጋና ገበያው ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ከየአገሩ የመጣው ሁሉ የየራሱን ቅመም ይዞ ይቀመጣል፤ በአፉ የማይግባባው በአፍንጫው ይግባባል። ጭልፊት ድስቷን ከመጣዷ በፊት አንድ ዙር ትዞራለች። ከአንዱ የወይራ ፍሬ፣ ከሌላው ትኩስ ዳቦ እየቀመሰች «እግሬ ባይሄድ ሆዴ አገር አየ» ትላለች።

ጎረቤቷ ከባሕር ማዶ የመጣ ሽማግሌ ሠዓሊ ነበር። በአሮጌ የአትክልት ሣጥን ጣውላ ላይ የገበያተኛውን መልክ ይሥላል። ከሷ ቋንቋ የሚያውቀው «ትኩስ» እና «ጨምሪ» ብቻ ነው። ዓሣ ስትሰጠው ይሥላታል። አንዴ አፍንጫዋን አስረዝሞ ቢሥላት «ይሄስ የኔ ሳይሆን የአማቴ አፍንጫ ነው» ብላ መንደሩን አሳቀችው።

ወንድሟ ግን ሳቅ ከራቀው ቆይቷል። ከመጋዘን ሸክም ሥራው ከተባረረ ጀምሮ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚውለው።

«እንጀራችንን የነጠቁን እነዚህ መጤዎች ናቸው» ይላል።

«ያንተን ጆንያ ሽማግሌው ነው የተሸከመው?» ስትለው ሳህኑን ገፍቶ ይወጣል።

እንደሱ ከከፋቸው ጋር መዋል ጀመረ። እናታቸው «ተይው ልጄ፣ ብሶት ነው፣ ይወጣለታል» አለች። ጭልፊትም ተወችው።

አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ከመንገዱ ጫፍ መስታወት ሲረግፍ ተሰማ። ፊታቸውን በጨርቅ የሸፈኑ፣ ብረትና ዱላ የያዙ ወንዶች ነበሩ። የቅመም ሻጩን ጠረጴዛ ገለበጡት፤ በርበሬው በንኖ ሰዉ እያሳለ፣ ዓይኑን እያሸ ይጋጭ ጀመር። ዳቦ ሻጩን ከመደቡ ጎትተው አወረዱና ሆዱን ረገጡት። አንዲት ሴት የተሰበረ ጥርሷን በመዳፏ ይዛ ጭልፊት እግር ሥር ወደቀች።

ሠዓሊው አልሸሸም፤ ጉልበቱስ መች ያሸሸዋል። ሥዕሎቹን በጀርባው ከልሎ ቆመ። አንድ ረጅም ሰው አንገቱን አንቆ አስጎነበሰው፤ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ በብረት መታው። አጥንቱ ቀጭ ሲል ጭልፊት ሰማችው። ረጅሙ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰነዝር ጨርቁ ከፊቱ ተንሸራተተ። ወንድሟ ነው።

«ተው» አለችው። «እኔ ነኝ፣ ተው።»

«ዞር በይ፣ አንቺን አይመለከትሽም» አላትና ብረቱን ወደ ሽማግሌው ራስ አነሣ።

ጭልፋው ዘይቱ ውስጥ ነበር። ሞልታ አወጣችና ክንዱ ላይ ደፋችው። ኋላ ፖሊስ ሲጠይቃት «ሳላስብ ነው» አላለችም። «ክንዱን አልሜ ነው፣ ፊቱን ትቼለት» ነው ያለችው።

ብረቱ ወደቀ። ጩኸቱ የሰው አይመስልም ነበር። ጓደኞቹ ጥለውት ፈረጠጡ። ጭልፊት የዓሣ ማጠቢያውን ባልዲ ውኃ ገለበጠችበት፤ መሬት ተቀምጣ ጭኗ ላይ አስተኛችው። «አይዞህ፣ የናቴ ልጅ» እያለች ስትይዘው የእጇን አንጓ ደም እስኪወጣ ነከሳት። አለቀቀችውም።

ሠዓሊው ሁለት ጣት አጣ፤ የወንድሙ ልጅ መጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው። ወንድሟ ከሆስፒታል ቀጥታ ወህኒ ገባ። እናቲቱ የዚያን ዕለት ማታ «አንድ ጡት አብሮሽ የጠባውን፣ ለባዕድ ብለሽ ጠበስሽው። ዓሣ መሰለሽ?» አለቻት። ከዚያ ወዲያ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ግድግዳውን እያዩ ነው የሚነጋገሩት።

የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ የዳነው ዳቦ ሻጭ አንድ ቀን «አይቆጭሽም?» አላት።

«ያቺን ክንድ ሕፃን ሳለ እኔ ነኝ ያጠብኳት» አለች ጭልፊት። «ይቆጨኛል። ነገም ሰው ሊገድል ቢያነሣት ግን እደፋበታለሁ።» ይህን ብላ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች።

እሑድ እሑድ ስንቅ ቋጥራ ወህኒ ቤት ትሄዳለች። ወንድሟ በጋውን ሙሉ ሳይወጣላት፣ ምግቡንም እየመለሰባት ከረመ። ክረምት ሊገባ ሲል ግን ወደ መጠየቂያው ቦታ ወጣላት። ቀኝ ክንዱ ተኮማትሮ ከጎኑ ተጣብቋል። ዳቦና የተቀቀለ ድንች አቀረበችለት። በግራ እጁ ድንቹን ይልጥ ጀመር፤ ልጣጩ አስቸገረው። ልትቀበለው እጇን ብትዘረጋ ድንቹን ወደ ራሱ ሳበው። ጠበቀችው። እያቆራረሰ፣ ዓይኗን ሳያይ በላ።

«ጨው አነሰው?» አለችው።

«ልክ ነው» አላት።