ሾርባ ብቻ ያዘዘችው ሴት

አስተናጋጁ ሴትዮዋን ልብ ያላት ገና በሩን አልፋ ስትገባ ነው። የለበሰችው የፋብሪካ ካፖርት ነበር፤ ደረቱ ላይ የነበረው አርማ ተተርትሮ የስፌቱ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ያለ ካፖርት የሚታየው ሥራ ፍለጋ ከሚሰለፉት ላይ ነው።

አገር ምድሩ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት እንኳ እዚህ ውድ ምግብ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አይገኝም። እሷ ግን ጥግ ላይ ቦታ አግኝታ ተቀመጠችና ሾርባ ብቻ አዘዘች። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ቀስ እያለች ጠጣች። ዓይኗ ከአስተናጋጁ እጅ አልተነቀለም። አጠገቧ ያሉት ሰዎች አንዴ ብቻ የተቀመሰውን ሥጋ "አንሳልን" ሲሉት፣ ምራቋን ዋጥ ስታደርግ አያት።

"ወንድሜ፣ ሳህን የሚነሳው በቀኝ በኩል ነው?" አለችው።

"አዎ፤ ሲቀርብ ግን በግራ ነው።"

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ ደገመችው። ሾርባዋን ስትጨርስ፣

"እስቲ አለቃህን ጥራልኝ" አለች።

አስተናጋጁ ክው አለ። "ምነው፣ ቅር ያሰኘዎት ነገር አለ?"

"ኧረ የለም! ባለፈው ሳምንት ሥራ ብጠይቀው፣ 'ለመሆኑ እንዲህ ያለ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ?' ብሎ ሳቀብኝ።" አፏን በጨርቁ ጠርጋ ተነሳች። "ይኸው ገባሁ። አሁን ሌላ ጥያቄ ካለው ይጠይቀኝ።"

የአለቃው ቢሮ በጣት የሚጠቆም ያህል ቅርብ ነበር። አስተናጋጁ ግን የያዘውን ትሪ አስቀምጦ፣ እንደ ክብር እንግዳ ፊት ፊቷ እየሄደ አደረሳት፤ በሩንም እሱው አንኳኳላት።