በጉም ውስጥ የያዝኩት ሰዓት

ጋሽ ዋልተር ያውቅ ነበር? እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ተጫዋች ኳሷን ሽቅብ ለጋት። እስክትወርድ ድረስ በልቤ እቆጥር ነበር።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ናቸው። አሜሪካ፣ ፌርፋክስ የሚባል ሰፈር፣ የወሎዋ እትዬ ዘሃራ ሱቅ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመቴ ገና ሃይስኩል እማራለሁ። ጠዋት ሱቁ እስኪከፈት መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አጠናለሁ። በሰኔ የዚያ ሰፈር ጠዋት ጉም ነው፤ ከዳቦ ቤቱ የሚመጣው የቀረፋ ሽታ እንኳ እርጥብ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ዋልተር የሚለማመደው እዚያው ነበር። በአሜሪካኖቹ ፉትቦል አሥራ አራት ዓመት ፓንተር ሆኖ ኖሯል፤ ቡድኑ ወደፊት መግፋት ሲያቅተው ገብቶ ኳሷን አርቆ የሚለጋ ሰው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሌሎች ሲያቅታቸው ብቻ መጠራት ምን ዓይነት ኑሮ ይሆን እል ነበር። ኳሷ መራቋ ብቻ አይበቃም፤ ጓደኞቹ ሮጠው እንዲደርሱባት አየር ላይ መቆየት አለባት።

«ስታነቢ ጣትሽ ከመስመሩ አይወጣም» አለኝ አንድ ማለዳ። «እስቲ ሰዓት ያዢልኝ። አራት ሴኮንድ ተኩል ከቆየች አንድ ቡድን ዘንድ ልሞከር እሄዳለሁ። ካልቆየች ፓሳዴና የሰጡኝን የአሠልጣኝነት ሥራ እይዛለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ።»

መታት። ጉሙ ዋጣት። መኪናውም ወፉም ዝም ያለ መሰለኝ፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ዱብ። አራት ነጥብ አንድ ሴኮንድ። ደገማት፤ አራት። ቀና ስል ፊቱ እንደ ተማሪ ፊት ውጤት ይጠብቃል።

እኛ ዘንድ መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ነው። እኔ ደግሞ ብቻዬን ነበርኩ። ነጥብ ያለቦታዋ ብትገባ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት፣ «አራት ተኩል» አልኩት።

ዓርብ ዕለት ፓሳዴናን እምቢ አለ። ለሙከራ በሄደ በሦስተኛው ቀን አሰናበቱት፤ ፓሳዴናም ሌላ ሰው ቀጥሯል። ሱቅ መጥቶ ነገረን።

«ሶ፣ ጡረታ ወጣህ?» አሉት እትዬ ዘሃራ። «ኦኬ፣ በል ያንን ሣጥን አንሣልኝ!»

እየሳቀ አነሣው። ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የእነሱ ሰዓት እንዳንቺ ቸር አይደለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ መናፈሻው ውስጥ አላየሁትም።

ባለፈው ሰኞ ጋርዴና ሄድኩና፣ ልጃቸው ዘንድ ለሚኖሩት ለእትዬ ዘሃራ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብርቱካን እየላጡ ሰሙኝ።

«ስትዋሺው ፊቱን ታዪ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሱስ የት ያይ ነበር?»

ይህን ሁሉ ዓመት ያሰብኩት እኔ ያየሁትን የእሱን ፊት ብቻ ነበር።