ተቀመጡ ያላለው ኮምፒውተር

ወሬው የደረሰኝ ከቅዳሴ ስመለስ ነው። የጋምቤላ የሰንበት ፀሐይ ከሸዋ ሮቢት አታንስም። ነጠላዬን ከራሴ ሳላወርድ በረንዳው ጥላ ላይ አረፍ እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ድሮ ሸዋ ሮቢት አብረን ስናስተምር የትምህርት ቤታችንን ኮምፒውተሮች ይይዝ የነበረው መምህር ነው። ሰላምታው አጠረብኝ። የአገሬ ሰው ሰላምታ ካሳጠረ ነገር አለ ማለት ነው።

«እህቴ፣ እትዬ ከሆስፒታል ወጥተዋል» አለኝ። «ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ነፍሳቸው ተርፋለች። ድምፃቸው ግን አይመለስም ተብሏል።»

አማተብኩ። ስለ ነፍሳቸው ላመስግን ወይስ ስለ ድምፃቸው ላልቅስ፣ ሁለቱ ተደባለቁብኝ።

«ምን አሉ ታዲያ?» ስል ጠየቅኩት፤ ድምፅ የሌለው ሰው ምን ይላል ብዬ አላሰብኩም።

«ምን ይላሉ! በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ‹ክፍሌን ለማንም እንዳትሰጡብኝ› ይላል። ርእሰ መምህሩ ደግሞ መጻሕፍት ክፍል ሊያስቀምጧቸው አስበዋል። ክፋት የላቸውም፤ አንደኛ ክፍል ያለ ድምፅ እንዴት ይሆናል ብለው ነው።» ቀጥሎም፣ «ያ የቀዳችሁት ትምህርት አንቺ ጋ አለ?» አለኝ።

የለኝም። ይህን የምጽፈውም ስለሌለኝ ነው።

እትዬ የምላቸው ስማቸው ጠፍቶኝ አይደለም። ስማቸው በአደባባይ ሲነሳ አይወዱም፤ እኔም ታላቄን በስም መጥራት አልለመድኩም። ዕድሜያቸውን በአንደኛ ክፍል የጨረሱ ሙስሊም እናት ናቸው። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ እሳቸው «ሀ በሉ» ሲሉ የእኔም ልጆች ይቀበሉ ነበር። መጀመሪያ ላይ ልጆቼን እቆጣ ነበር። በኋላ እኔም አብሬ መቀበል ጀመርኩ።

ኮምፒውተሮቹን ያመጣልን አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ተጸድቶ ገቡበት። የሸዋ ሮቢትን ቆርቆሮ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከረፋድ በኋላ እንኳን ማሽን ሰውም አይቆምበት። ስለዚህ የትንንሾቹ ክፍለ ጊዜ ማለዳ ሆነ። አቧራ እንዳይገባ ጫማ በር ላይ ይውለቅ ልንላቸው ስንዘጋጅ፣ ልጆቹ ሳይነገራቸው አውልቀው ገቡ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ የተጠረገ ቤት በጫማ እንደማይገባበት ያውቃል። በሩ ላይ የላስቲክ ጫማ ተከመረ። ሲወጡ ግማሹ ያንዱን ግራ ከሌላው ቀኝ ጋር አድርጎ ቤቱ ሄደ።

የኮምፒውተር መምህሩ የመጀመሪያውን ትምህርት ከፍቶ ድምፁን በትልቅ ስፒከር ለቀቀው። ጥሩ የከተማ ድምፅ ያላት ወጣት ናት።

«እንደምን አደራችሁ ልጆች!» አለች።

ልጆቹ አንድ ላይ ብድግ አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ፤ ከወደ ጥግ በኩል «አልሐምዱሊላህ» ያሉም ነበሩ። መልሳቸውን ሳይጨርሱ ሴትዮዋ አልፋ ሄዳለች። ሥዕል አምጥታ «ይህ ምንድን ነው?» ትላለች፣ ልጆቹ አፋቸውን ሲከፍቱ «አዎ፣ በረዶ ነው፣ ጎበዞች!» ትላለች። እነሱ እንደቆሙ ናቸው። ትምህርቱ ተጋመሰ፣ እንደቆሙ ናቸው።

«ቁጭ በሉ እንጂ!» አለ መምህሩ።

«ተቀመጡ አላለችም» አለ አንዱ፣ ዓይኑን ከስፒከሩ ሳይነቅል።

አንዲት ቀልጣፋ ደግሞ ወደ እትዬ ዞራ ስሞታዋን አቀረበች። «ቲቸር፣ ሴትዮዋ ራሷ ጠይቃ ራሷ ትመልሳለች።»

ለማየት በር ላይ የተሰበሰብነው መምህራን ሳቅን። እትዬ አልሳቁም።

«አትሳቁባቸው። ሰላም ላላቸው ሰው አክብረው ቆሙ፤ ያስተማርናቸውን ነው ያደረጉት። ያልጠበቀቻቸው እሷ ናት።»

«ትጠብቃቸው እንዴ እትዬ? ማሽን እኮ ነው!» አላቸው የኮምፒውተር መምህሩ።

«ታዲያ ዝም ማለት ከተፈለገ ከማሽን በላይ ዝም የሚል ማን አለ?»

ይህን ጊዜ እሱም ሳቀ። ሥዕሉን ትቶ ድምፁን ብቻ መተካት እንደሚቻል፣ የራሳችንንም ፎቶ ማስገባት እንደሚቻል አሳያቸው። ያን ቀን የእትዬን ፊት አይቼ ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ ገባኝ።

መቅዳት የጀመርነው የእኔ ዓቢይ ጾምና የእሳቸው ረመዳን በተገናኙበት ሰሞን ነው። ትምህርት ቤቱ ይጮሃል፣ ቤታቸው ደጅ ባጃጅ አይጠፋም። ድምፁ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ መቅዳት ይሻላል ተባልን። በሸዋ ሮቢት ብርድ ልብስ ፍለጋ! በመጨረሻ ከደብረ ሲና የመጣች ጎረቤት አዋሰችን።

«በዚህ ሐሩር ምን ልታደርጉበት ነው?» አለች።

«ልናስተምርበት» አሉ እትዬ።

ስልካቸውን ይዘን ሁለታችንም ከነጾማችን፣ ከነደረቀው አፋችን ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባን። ላባችን ወረደ። እትዬ «ይህ ምንድን ነው?» አሉና ዝም አሉ። እኔ ረስተውት መስሎኝ ክርናቸውን ነካሁ። ቆዪ እንደማለት እጃቸውን አነሱ። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ «ጎበዝ! ሽንኩርት ነው» አሉ።

ስንወጣ፣ «እትዬ፣ በዛ እኮ» አልኳቸው። «ልጆቹ እስከዚያ ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ።»

«ያቺ ልጅ አልመለሰችማ።»

ማንን እንደሚሉ አወቅኩ። ከማሽላ ማሳዎቹ ወገን የምትመጣ፣ ቃል አፏ ላይ የሚዘገይባት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ሁሉም ጮኾ ሲጨርስ የእሷ ከንፈር ገና መንቀሳቀስ ይጀምራል። እትዬ ብርድ ልብሱ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጠብቁት የእሷን ከንፈር ኖሯል።

«ፈጣኖቹ ይሰለቻሉ» አልኩ።

«ይሰልቹ። እሷ ስንት ጊዜ ጠብቃቸዋለች።»

ሥዕሎቹንም እንዲሁ አንድ በአንድ አዩዋቸው። በረዶውን አወጡት፤ «በረዶን ደብረ ሲና ሲሄዱ ይማሩታል» ብለው። በምትኩ ልጆቹ ሲለቅሙት የዋሉት ሽንኩርት፣ አባቶቻቸው የሚዘሩት ማሾ ገባ። ግመልም ከነድምፁ ካልሆነ አይገባም አሉና በገበያ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ከቆላው በኩል የመጡ ግመሎች ተንበርክከው ነበር። እትዬ ስልካቸውን ወደ አንዱ አፍ ሲያስጠጉ ባለቤቱ ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

«እናቴ፣ ምን አጠፋና ነው ድምፁን የሚቀዱት? ሊከሱት ነው?»

«ኧረ አንደኛ ክፍል ተቀጥሯል!»

«ይቅርብዎ፤ እኔን ራሴን እንኳ አይሰማኝም» አለና ግመሉን ጎሸም አደረገው። ግመሉም እንደታዘዘ ጮኸ። በቅጂው መጨረሻ ላይ የሰውየው ሳቅ አለበት፤ እትዬ እንዲቆረጥ አልፈቀዱም።

ትምህርቱ የተከፈተበትን ማለዳ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጫማዎቹ በር ላይ ተከመሩ። እትዬ ከእኔ ጋር ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ስፒከሩ በእሳቸው ድምፅ «ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ?» አለ። ልጆቹ ብድግ አሉ፣ መለሱ፣ እስከ መጨረሻው ጠበቃቸው። ከዚያ «ተቀመጡ» አለ። አግዳሚዎቹ አንድ ላይ ጮኹ። አንዱ ልጅ ስፒከሩንም እትዬንም እያፈራረቀ አየና፣

«ቲቸር፣ እንዴት ሁለት ሆኑ?» አላቸው።

«አንዷ ስትደክም አንዷ እንድታስተምርህ» አሉት። ያኔ ቀልድ ነበር።

ግመሉ መጣ። «ይህ ምንድን ነው?» ክፍሉ በአንድ አፍ ጮኸና ጨረሰ። ድምፁ ዝም። ልጆቹ ተቁነጠነጡ፣ አንዱ ወደኋላ ዞሮ አየን። ያቺ ልጅ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ግ… ግመል» አለች፣ ማንም በማይናገርበት ሰዓት፣ ብቻዋን፣ ሁላችንም እየሰማናት። ከዚያ ስፒከሩ «ጎበዝ!» አላት።

ልጅቷ ወደ ጓደኛዋ ዞራ በሹክሹክታ፣ «ሰሙኝ» አለች።

እኔ ዘወር ብዬ አማተብኩ። እትዬ ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ነው መሰለኝ። ጎበዝ መምህራን አይቻለሁ፣ እኔንም ጎበዝ ያሉኝ ነበሩ። ልጁ ገና ሳይመልስ፣ መልሱን የሚጥልበትን ስፍራ አስቀድሞ የሚያዘጋጅለት ሰው ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

ነገሩ ከትምህርት ቤት ወጣ። ወላጆች ይጭኑልን እያሉ ፍላሽና ሚሞሪ ይዘው መጡ፤ እትዬ ማንንም አልመለሱም። ከተማ ውስጥ ሚሞሪ የሚጭኑት ልጆችም ከዘፈኑ ጋር አብረው ይሰጡት ጀመር። አንዱ አባት ባጃጅ ነጂ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ በእሱ ባጃጅ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ጫት የያዘ አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል። የእትዬ ድምፅ «ይህ ምንድን ነው?» ይልና ዝም ይላል።

«ወንድሜ፣ ቴፕህ ተበላሽቷል» አለ ሰውየው።

«አልተበላሸም። አንተን ነው የሚጠብቀው።»

«እኔን? ሥዕሉን ሳላይ ምን ልበል?»

«ያሁኑ ማሾ ነው። በል እንግዲህ።»

«ማሾ!» አለ ሰውየው፤ ድምፁም «ጎበዝ!» አለው። ሰውየው እስኪወርድ ድረስ መመለሱን አላቆመም። አንዱን ቀድሞ ሲመልስ ነጂው፣ «ረጋ በል ጋሼ፣ ዘግይታ የምትመልስ ልጅ አለች» አለው። ልጅቷን አያውቃትም፤ ከልጁ ሰምቶ ነው።

ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ። ሁላችንም የምናውቀው ነውና አልዘረዝረውም። ከተማውን ጥለን ወደ ደብረ ሲና ስንወጣ የእትዬ ስልክ መንገድ ላይ ጠፋ። ስንመለስ የኮምፒውተሩ ክፍል ባዶ ነበር። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን አወለቁ፣ ገብተው ወለሉን ጠረጉ፣ ወጥተውም ወደ ክፍላቸው ሄዱ። «ሀ በሉ» ሲሉ በግድግዳው ሰማኋቸው። ድምፃቸው ስላለ ቅጂውን ዳግመኛ ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔም የባለቤቴ ሥራ ሲቀየር እሱን ተከትዬ ወደዚህ መጣሁ።

አሁን ትምህርት ቤቱ ሌላ ኮምፒውተር አግኝቷል። የደወለልኝ መምህር ርእሰ መምህሩን አነጋግሯቸዋል። ቅጂው ከተገኘ እትዬ ክፍላቸው ይገባሉ፤ በእጃቸው ያሳያሉ፣ በዓይናቸው ይቆጣጠራሉ፣ የሚናገረውም የራሳቸው ድምፅ ይሆናል። ካልተገኘ መስከረም ላይ ክፍሉ ለሌላ መምህር ይሰጣል። ሌላዋ መምህርትም መልካም ትሆን ይሆናል። እትዬ ግን ከመጻሕፍት ክፍሉ ሆነው በግድግዳው የሌላ ሰው «ሀ» ሲሰሙ ይታየኛል፤ መቀበል እንኳ አይችሉም።

ስለዚህ በዚያን ጊዜ የነበራችሁ ሁሉ፣ በእግዚአብሔር እለምናችኋለሁ። የባጃጅ ነጂዎች፣ አሮጌ ፍላሻችሁን ከመሳቢያ አውጡልኝ። ሚሞሪ ስትጭኑ የነበራችሁ ልጆች፣ ኮምፒውተራችሁን ከዘፈኖቹ ሥር ፈትሹ። ወላጆች፣ ያረጀ ስልክ ለልጅ መጫወቻ ሰጥታችሁ ከሆነ ተቀብላችሁ እዩት። ከአጣዬም ሆነ ከየገጠሩ ቅጂውን ወስዳችሁ የነበራችሁ፣ እናንተም። ከዘፈን መካከል «ተቀመጡ» የምትል የእናት ድምፅ ብትሰሙ እሷው ናት፤ የግመልና የሰው ሳቅ ካለበት አትጠራጠሩ። ወስዳችሁ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለራሳቸው ለእትዬ እጅ ስጡልኝ።

ስትገለብጡም አደራችሁን፣ ዝም የሚለው ላይ ስትደርሱ የተበላሸ መስሏችሁ እንዳታሳጥሩት። እንደነበረ አምጡላቸው።