የመሄጃ ቀሚስ

እናቴ እዚህ ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ያልተለበሰ የሐበሻ ቀሚስ አላት። ከዓመታት በፊት ልኳን ልካ አዲስ አበባ ያሰፋችው፣ ጥልፉ ደረቱን የሞላ ነው። በእጥፋቱ መሃል የወርቅ ጉትቻዎቿን ሸጉጣለች። "የመሄጃዬ ነው" ትላለች። የምትሄደው ወደ መቃብር ነው።

ይህን ያመጣባት እዚሁ ካልጋሪ የሞተች የአንድ ወዳጇ ቀብር ነው። ሟቿን እንደ ሙሽራ አስውበው፣ ሣጥኑን ከፍተው ለቀስተኛው ሁሉ አሳዩ። "እኔማ በሰው ፊት ተጎሳቁዬ አልተኛም" አለች። ይሁን። ግን እስከዚያ በሰው ፊት ተጎሳቁሎ መቆሙን ምን አመጣው? ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እጅጌው በነተበ ግራጫ ሹራብ ነው። የሴት ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ምርቃት ላይም ያንኑ ለብሳ መጣች፤ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። "ለእኛ ለቋሚዎቹ ሹራብ፣ ለምስጥ ጥልፍ!" ስላት፣ "ምን ቸገረሽ፣ ቀኑ ሲደርስ ታለብሺኛለሽ" ብላ ታሰናብተኛለች።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ለኮሌጅ ትምህርቷ የጥንት የጣሊያን መሳፍንት መቃብር ሲከፈት የሚያሳይ ፊልም ታይ ነበር። የአንዲት ልዕልት የሐር ቀሚስ አፈር መስሏል፤ ቀለበቷ ግን ከጣቷ አጥንት ላይ አልወለቀም። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች።

"አየሽ? የጨዋ ልጅ እንዲህ ነው" አለችኝ። በቃ፣ ነገሬ ሁሉ ከንቱ ቀረ አልኩ በልቤ።

ቀጥላ ግን፣ "ጀርባው ለምንድን ነው የተቀደደው?" አለች።

"እማማ፣ ሰው ሲሞት ቦዲው ስቲፍ ይሆናል፣ እጇ አይታጠፍም" አለች ልጄ። "ሶ፣ ከኋላ በመቀስ ከት አድርገው ነው ያለበሷት።"

"ይሄን የመሰለ ልብስ? በመቀስ?"

ስንት ዓመት ለምኜ ያቃተኝን መቀስ በአንድ ቀን ጨረሰው። በማግስቱ እሑድ ቀሚሱን ለብሳ፣ ጉትቻዋን አድርጋ ከመኝታ ቤት ወጣች። እሰይ ልል ስል ትከሻዋን አየሁ። ሲሰፋ ልኳ የነበረው ቀሚስ ትከሻው ወርዷል፤ ወገቡ ሁለት እናት ይይዛል። እሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲጠብቃት እሷ አልቃለች። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከኋላዋ ቆሜ ትርፉን እየሰበሰብኩ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ጀመርኩ። አንዱን እጥፋት በኃይል ሳብኩት።

"ቀስ በይ" አለችኝ፤ "ጀርባው እንዳይቀደድ። ገና እለብሰዋለሁ።"