ኤስቶፔል በዳጣ
እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ሶዶ የመጣሁት ሕግ ላስተምር ነው። እዚያው አንዲት ልጅ ወደድኩ። አባቷ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆናቸውን ያወቅሁት ግን በፍቅሯ ከተያዝኩ በኋላ ነው። ሰውየው አመል አላቸው፤ እንግሊዝኛ ቃል ከአፍህ ካመለጠች አለቀልህ፤ «እስቲ በዓረፍተ ነገር አስገባልኝ» ይላሉ። እየተበላም ቢሆን!

አምና እኚሁ ሰው «እዚህ ሥራህን አጥብቀህ ያዝ፣ ከዚያ ሽማግሌ ትልካለህ» አሉኝ። ቃላቸውን አምኜ ወደ አገሬ የመጣልኝን ዝውውር መለስኩት። እናቴ እስካሁን እንዳኮረፈች ናት። ዘንድሮ ቢጠና ከተማ ያለው ቤታቸው ሄጄ ነገሩን ባነሳ «እናያለን፣ ምን ያስቸኩላል?» አይሉኝ መሰለህ! ደሜ ፈላ።

ጥሬ ሥጋው ከነዳጣው ቀርቧል። ዳጣ የወላይታ የበርበሬ ማባያ ነው፤ ምላስ ይዞ አይለቅም። መጀመሪያ ቤታቸው የበላሁ ቀን ይሉኝታ ይዞኝ «ሲጣፍጥ!» ብዬ ስለነበር፣ እናቷ ለእኔው ብለው ጓሯቸው ውስጥ በርበሬ ጨምረው ተክለዋል።

«ምን እያስተማርክ ነው?» አሉ አባት።

«ኤስቶፔል» አልኩ ሆነ ብዬ። «ሰው ቃልህን አምኖ አንድ ነገር ካደረገ ወዲያ ቃልህን እንዳታጥፍ የሚከለክል ሕግ ነው፣ ጋሼ።»

«በዓረፍተ ነገር አስገባልኝ።»

ይቺን ጥያቄማ ነበር የምጠብቀው! በእንግሊዝኛ ለቀቅሁት፦ «ሽማግሌ ትልካለህ ብሎ ሰውን ዝውውር ያስመለሰ አባት፣ ኤስቶፔል ስላለበት ልጁን ሊከለክል አይችልም።»

ማኘካቸውን አቆሙ። «ሰዋስዉ ደህና ነው» አሉ። ቀጥለው እሳቸውም በእንግሊዝኛ፦ «ዳጣ ይጣፍጣል ብሎ ሚስቴን በርበሬ ያስተከለ እንግዳም ኤስቶፔል አለበት፤ አልበላም ሊል አይችልም» አሉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

እልህ ክፉ ነው። ሥጋውን ዳጣው ውስጥ ነክሬ ጎረስኩ። ወይ አምላኬ! ጆሮዬ ጮኸ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እንግሊዝኛ የማይሰሙት እናቷ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ቅድም በአማርኛ ስለ ጋብቻው ሲነሳ ሰምተዋል፤ እንባዬንም አይተዋል። «ኧረ በጌታ ስም! የሰው ልጅ እንዲህ እስኪያለቅስ ትከለክለዋለህ? ስጠው እንጂ!» ብለው ባላቸው ላይ ጮኹ።

አባት እኔን አዩኝ፤ እኔም እሳቸውን። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «በል እሺ፣ ሽማግሌ ላክ» አሉ።

እናቷ እንባዬን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። «አይዞህ ልጄ፣ እንዲህ ነው እንዴ የምትወዳት?»

ከልቤ እወዳታለሁ፤ ግን አፌ እየነደደ ነው። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ውሃ ልጠይቅ አልኩና ተውኩት።